የሳጥኑ ጠባቂ

ቶተንሃም ያለው እድራችን ሊቀመንበሩን ጋሽ ተፈራን ለማውረድ ልዩ ምርጫ ጠራ። ቀኑ አንዴ በጾም፣ አንዴ በሠርግ፣ አንዴ ደግሞ አዳራሹን ቡክ ማድረግ ስለተረሳ ተላለፈ። እኔ የድምፅ መስጫው ሳጥን ጠባቂ ተደረግኩ። ደንባችን «ሳጥኑ ከዋዜማው ጀምሮ አንድም ቀዳዳ ሳይቀር ይታሸግ፤ ሁሉም ድምፅ ሰጥቶ ሳይጨርስ እሽጉ እንዳይነካ» ይላል። ደንብ አክባሪ አይደለሁ? ሁለት ጥቅል ፕላስተር ጨረስኩበት።

በምርጫው ቀን ከሰልፉ ፊት የነበሩት እትዬ አልማዝ ወረቀታቸውን ይዘው ሳጥኑን ዞሩት።

«ልጄ፣ በየት በኩል ላስገባው?»

ፕላስተሩን ልልጥ ስል ጋሽ ተፈራ እጄን ያዙኝ።

«ደንቡን አንብብ እንጂ።»

አነበብኩት። እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ተፈራ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ምርጫው ያለ አንዳች ማጭበርበር መጠናቀቁን በቃለ ጉባኤ አስጻፉ። የሳጥኑ ጠባቂ ነኝና ትክክል ነው ብዬ የፈረምኩትም እኔው ነኝ።