የሚያለከልከው ላፕቶፕ

ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ በሌሊት ወጣሁ ይላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ እናንተ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ነው፤ አላየሁህም የሚለኝ የለም። ሁለቱን በሬዎቼን በዋዜማው ገበያ ሸጬ ነበር። ልጁ ዘንድ የሚሄድ ሰው ስደተኛ አይባልም ብላችሁኛል፣ በተለይ ወንድሜ መኮንን። እኔ ግን በሬውን ሸጦ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ስደተኛ ነው ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

ልጄ ትርሲት ጋምቤላ የሄደችው ኩሌ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ በኮንትራት ቪዲዮ ልትቀርጽ እንደነበር ታውቃላችሁ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ከተማው ውስጥ ቀረችና ሠርግና መዝሙር መቅረጽ ያዘች። እናቷ ስትሞት መጥታ አርባውን አወጣችና ብቻህን ጥዬህ አልሄድም አለች። እግሬም እርሻ አልችል ብሎኝ ነበር፣ እሺ አልኳት።

ከጎሬ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። በወረድን ቁጥር ጋቢዬን መጀመሪያ ከራሴ፣ ከዚያ ከትከሻዬ፣ ከዚያ ከጉልበቴ ላይ አወረድኩት፤ ጋምቤላ ስንደርስ የሚወርድ ነገር አልነበረኝም፣ ሙቀቱ ግን ገና መጀመሩ ነበር። እዚህ ከሌሊት በቀር ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ዓሣው ከባሮ ወንዝ ወጥቶ እየተንፈራገጠ ገበያ ይደርሳል። ማንጎው የሚለቅመው ጠፍቶ መንገድ ላይ ይበሰብሳል፣ እኛ አገር አንድ ፍሬ ለበሽተኛ ይዘን የምንሄደው። ሰዉ ረዥም ነው፣ ኑዌሩ «ማሌ» ይልሃል፣ ሰላም ማለት ነው፤ አንተም «ማሌ» ብለህ ታልፋለህ። እኔ ቆሜ የከብቱን የልጁን ደኅንነት ስጠይቅ ነው ሰው የሚስቅብኝ።

ቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ሄድኩ። ጸሐፊው ሥራ ሲለኝ ገበሬ አልኩ።

«እዚህ መሬት አለህ?»

«የለኝም።»

«በሬስ?»

«ሸጥኩት።»

«እንግዲያ ገበሬ አይደለህም» አለና ሥራ አጥ ብሎ ጻፈ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሬ ያረስኩትን በአንድ መስመር ጨረሰው። የቀበሌውን ማኅተም ሳይቀር ረገጥ አድርጎ መታበት።

አከራያችን ማማ አጁሉ ትባላለች፣ አኙዋክ ናት፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። ቤቱን ስታከራየኝ ትጠጣለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጠላ ብቻ አልኳት። ጠላ ውሃ ነው ወይ አለችኝ። ውሃ አለበት ብያት ተስማማን።

የኳየሩን ሥራ ለትርሲት ያመጣችላት እሷ ናት። አሥር መዝሙር ነው፤ ባሮ ዳር ተቀርጾ አልቋል፣ መቁረጥና መቀጠሉ ነው የቀረው። ይህን ጊዜ የትርሲት አሮጌ ኮምፒውተር ተቃጠለ። አጠገቤ ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ስቱዲዮ ቅጠሩኝ ሳልለው ራሱ ጠርቶኛል። ጠንካራ ላፕቶፕ ካለኝ ግን እዚሁ የራሴን እሠራለሁ። ካንተ አልለይም።»

እኔ ይህን ማስፈራሪያ አድርጌ ሰማሁት። ሰው ሲያስፈራራኝ ደግሞ እንዴት ግትር እንደምሆን ታውቁታላችሁ። ቢሆንም የበሬዎቹን ገንዘብ ይዤ አብሬያት ገበያ ሄድኩ።

ባለሱቁ ሁለት አወጣ። አንዱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቁልፎቹ ቀይ አረንጓዴ የሚያበሩ፣ ሠርግ ቤት ይመስላል። ጌሚንግ ነው ፋዘር አለኝ፣ ጌም ማለት ጨዋታ እንደሆነ ነገረኝ። ለጨዋታ በሬ አልሸጥኩም አልኩት። ጨዋታውን የቻለ ለሥራ አያንስም ይላል። ሁለተኛው ግራጫ፣ ስስ፣ ዋጋው የዚያኛው ግማሽ። ይኼ ለጽሕፈት ነው፣ ለቪዲዮ አልመክርም አለ። ነጋዴ ውዱን ካልመከረ ምኑን ነጋዴ ሆነ ብዬ አላመንኩትም።

እኛ በሬ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን፣ ሻኛውን እንዳብሳለን፣ ከዚያ ወስደን ጠምደን ግማሽ ቀን አርሰንበት ነው ገንዘብ የምንሰጠው። ሁለቱንም ልውሰድና ላሠራቸው አልኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ትርሲት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በኋላ ማማ አጁሉ ዋስ ሆነችልኝና ሱቅ እስኪዘጋ ድረስ ሰጠን።

ቀትር ላይ በረንዳው ላይ አስቀመጥናቸው። ትርሲት አንዱን መዝሙር ለሁለቱም ሰጠቻቸው። ጥቁሩ ወዲያው ያጓራ ጀመር። በጎኑ ትኩስ እስትንፋስ ያወጣል፤ እጄን ከሆዱ ሥር ባስገባ ትኩሳት እንደያዘው ከብት ይፈጃል። ግራጫው ግን ድምፅ የለውም። ዳበስኩት፣ ለዘብ ያለ ነው። ማማ አጁሉ ዓሣዋን አጥባ ሳትጨርስ ጥቁሩ ጨረሰ።

እኔ ግራጫውን አልኩ።

«አባዬ፣ ያኛው ጨረሰ እኮ። ይኼ ገና ሩቡ ላይ ነው።»

«ዛሬ ጨረሰ። በሦስት ወር ይወድቃል። ቆሞ የሚያለከልክ በሬ ገዝቼ አላውቅም።»

«በሬ አይደለም አባዬ።»

«ገንዘቡ የበሬ ነው።»

ማማ አጁሉ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀና አለች። «አባባ፣ አንተ ስትሮጥ አታለከልክም?»

«ቁጭ ብዬ አላለከልክም።»

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ትርሲት አልሳቀችም። እኔ ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ ጥቁሩን መልሰን ግራጫውን ገዛን።

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ያ ጩኸት ማራገቢያው ነው፤ የሞቀውን ወደ ውጭ የሚተፋበት። ግራጫው ማራገቢያ የለውም፤ በጋምቤላ ፀሐይ ሲሞቀው ሥራውን ይቀንሳል፣ በጣም ሲብስበት ከነጭራሹ ይቆማል። ታሞ የኖረው ለካ ዝም ያለው ነው። አንዱን መዝሙር ሁለት ቀን ያንከባልልና ሊጨርስ ሲል መብራት ይጠፋል፣ ባትሪው አይደርስለትም፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ልጄ እርጥብ ፎጣ ከሥሩ እስከ ማንጠፍ ደረሰች። ባለሱቁን ለውጥልኝ ብለው የሠራበትን እቃ አልቀበልም አለኝ፣ አሠርተህ አይተህ አይደል ወይ የገዛኸው አለኝ።

ኳየሩ አንድ ወር ጠበቀ። ከዚያ ማማ አጁሉ መጥታ፣ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ ቡድኑ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ መወሰኑን ነገረችን። ትርሲት እሺ ማማ፣ ልክ ናችሁ አለቻት። እኔ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ልብሷን ሸከፈች። ግራጫውን ትታልኝ አዲስ አበባ ሄደች፣ ዜና ታይበታለህ ብላ። እኔ እንኳን ዜና ላይ ልደርስ፣ ማብራቱንም ማማ አጁሉ ናት የምታበራልኝ።

መኮንን፣ በስልክ ደህና ናችሁ ወይ ስትለኝ ደህና ነን ስልህ የኖርኩት ብቻዬን ነው። አምስት ወር ሆነኝ። ዓሣ መብላት ለምጃለሁ፣ እሾሁን በምላሴ እለያለሁ። ልጅ ብዬ ወርጄ፣ ልጅ በሌለበት ከተማ ቤት ተከራይ ሆኜ ቀረሁ።

ባለፈው እሑድ ደወለች። ሥራዋ ደህና ነው፣ የሰው ማሽን ላይ ነው የምትሠራው። አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፣ ናልኝ አለች። ተመለሺ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን አጥፍቻለሁ ማለት ከዚያ በፊት መምጣት ነበረበት፣ እሱን ቃል ከየት ላምጣ።

«አገሬን ጥዬ የት እመጣለሁ» አልኳት። እንዲያው ከአፌ ነው የወጣው።



«የቱን አገርህን፣ አባዬ?»

ሌላ ጊዜ ሁለት ቃል ሳንባባል የሚቋረጠው ኔትወርክ ያን ቀን አልተቋረጠም። ጥርት ብሎ ቆየ፣ እስትንፋሷ ይሰማኝ ነበር። በኔትወርክ እንኳ ላሳብብ አልቻልኩም።