ዋሎኒያ ያስቀረችው ድምፅ

የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ሰፈር ሐበሻ ለእረፍት አገሩ ሲገባ፣ ፍሬው ግን በየጥቅምቱ ቤልጂየም ይሄዳል። ያውም ብራስልስን ሊያይ ቢሆን ደግ ነበር። እሱ የሚሄደው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ወዳሉበት ወደ ዋሎኒያ፣ ቴሌቪዥን ስማቸውን ጠርቶ የማያውቅ የታች ሊግ ክለቦችን ሜዳ ሊዞር ነው። አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ስድስት ዓመት በስደት የኖረው እዚያ ነበር።

ሚስቱ ሰርካዲስ ነገሩን ችላ ብላው ኖራለች። በፈረንጆቹ 2013 ግን ፌርፋክስ ላይ አብራት ሱቅ የምትሠራው ሔለን ነገር ጫረችባት።

"ሰርክዬ፣ እኔ አንቺን ብሆን ቼክ አደርገው ነበር። ወንድ ልጅ ለሰፈር ኳስ ብሎ ቲኬት አይቆርጥም። ሴት አለችው!"

ሰርካዲስ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ሆዷ ገባ። ፍሬው ዝምተኛ ነው። ሆሊውድ አንድ ሆቴል የእንግዳ መኪና ፓርክ ሲያደርግ ውሎ ሲገባ "ደህና ዋልሽ?" ካለ ብዙ አወራ ማለት ነው። የዝምተኛ ሰው ሆድ ደግሞ ማን ያውቀዋል? "ዘንድሮ አብሬህ እሄዳለሁ" አለችው፣ ፊቱን እያየች። ይደነግጣል ስትል፣ እሱ እቴ!

"ኦኬ። ሶ፣ ቡትስ ያዢ፤ ጭቃ ነው።"

ሜዳው ሻርለሯ ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ውስጥ ነው። ከጎሉ ጀርባ ከከሰል ማውጫው ዘመን የተረፈ የጥቁር አፈር ክምር፣ ሣር በቅሎበት ኮረብታ ሆኗል። በር ላይ ትኬት የሚቆርጡት ማዳም ዦዜት ፍሬውን ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፤ አገላብጠው ሳሙት። ሰባውን ያለፉ ናቸው። ሔለን ያለቻት ሴት ይቺ ከሆነች፣ አለች ሰርካዲስ በልቧ፣ ትውሰደው።

ጨዋታው ተጀመረ። ቦርጫም በረኛ፣ ጭቃ፣ ብርድ። ፍሬው የብረት አጥሩን ተደግፎ ዝም ብሏል። ከዚያ የባለሜዳው አጥቂ ተጠልፎ ወደቀ፤ ዳኛው አለፈው።

"ኧረ ዳኛው! ምን ጋረደህ!"

ሰርካዲስ ክው አለች። የጮኸው ባሏ ነው፣ ያውም በአማርኛ። ይባስ ብሎ አጥሩን የተደገፉት ቢራ የጨበጡ ሽማግሌዎች ከእሱ በለመዱት ኮልታፋ አማርኛ በአንድ አፍ "ኧረ ዳኝዎ!" እያሉ ተቀበሉት። በስደቱ ዘመን እሑድ እሑድ በመኪናቸው ጭነው ከሜዳ ሜዳ ያዞሩት እነዚህ ነበሩ።

ጉለሌ ትዝ አላት። ጎረምሳው ፍሬው ሜዳ ላይ ሲጮህ እነሱ ቤት ድረስ ይሰማል፤ እናቷ "ያ ለፍላፊ ደግሞ ጀመረው" ሲሉ እሷ ምክንያት ፈጥራ ትወጣለች። መልኩን ሳታይ የወደደችው ይህን ድምፅ ነበር። ከዓመታት መለያየት በኋላ ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ስትቀበለው ድምፁ አብሮት አልመጣም። ይመለሳል ብላ ጠበቀች፤ ኋላ መጠበቁንም ተወችው።

እንባዋን ሲያይ ፍሬው ደነገጠ። "በረደሽ እንዴ?"

"ይሄን ሰውዬ ለምን ቤት አታመጣውም?"

"'የስ ሰር' ስል ውዬ ነው የምገባው፣ ሰርክ። እዚያ ማን ላይ ልጩህ?"

ሰርካዲስ እግሯ ሥር ያለውን ጭቃ አየች። ሴት ብትኖረው ይሻል ነበር፤ ከሴት ጋር ተጣልቶ ባልን ማስመለስ ይቻላል። ከዚህ ጭቃ ጋር እንዴት ትጣላ?

ፍሬው ወደ ሜዳው ዞሮ መጮኹን ቀጠለ፤ እሷ ኳሱን ትታ እሱን ስትሰማ ቆየች። ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ግን ከሁሉም ቀድማ የጮኸችው ሰርካዲስ ነበረች።

"ኧረ ዳኛው! ገና ነው!"