የስለት ውሃ

እትዬ ተሻለች ሲሳሉ አጠገባቸው የሚመክር ሰው አልነበረም። ቢኖርማ "ኧረ እማማ፣ ጃንጥላ ብለው ይሳሉ፣ ጧፍ ብለው ይሳሉ" ይላቸው ነበር። ባለፈው ዓመት በረዶ አንሸራትቷቸው ዳሌያቸውን ተሰብረው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ዎከር፣ ያለዚያ የብረት መደገፊያ፣ መሄዳቸው እንደሚያጠራጥር ተናገረ። ልጃቸው ፌበን ነገሩን አለስልሳ ልታስረዳቸው ብትሞክርም፣ እሳቸው ከሐኪሙ ፊት ላይ አንብበው ጨርሰዋል። ሐኪሙ እንደወጣ ወደ ግድግዳው ዞሩና፣ "ቅዱስ ገብርኤል፣ በእግሬ ካቆምከኝ ለንግሥህ ውሃ በጀርባዬ አዝዬ አመጣልሃለሁ" አሉ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በተወለዱበት በቡልጋ ሴት ሲጨንቃት የምትሳለው ይህንኑ ነው። ለንግሡ ከወንዝ ቀድታ ዳገቱን በጀርባዋ ትወጣለች፤ የድግሱ ጠላ በዚያ ውሃ ይጠመቃል። ሰው ሲጨንቀው አፉ ላይ የሚመጣለት በልጅነቱ የሰማው ነውና፣ ዕድሜያቸውን ቶሮንቶ ውስጥ የቢሮ ወለል ሲወለውሉ የኖሩት ሴትዮ፣ በየግድግዳው ቧንቧ ባለበት ከተማ ውሃ ተሳሉ። እንግዲህ ምን ይደረጋል?

ገብርኤልም አላሳፈራቸው። ሙቀቱ ሲመጣ ዎከሩን ጣሉ፤ ቅጠሉ ሲረግፍ ከዘራውንም ጣሉ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ቢጫዋን የዘይት ጀሪካን ሽታዋ እስኪጠፋ በፈላ ውሃና በሳሙና አጠቧት። ሴንት ጄምስ ታውን፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለችው ቤታቸው ከገዛ ቧንቧቸው ሞሏትና በአሮጌ ነጠላ ጀርባቸው ላይ አሰሯት። ፌበን በመኪና ላድርስሽ ብትል፣ "ስለት በመኪና አይሄድም" ብለው እንቢ አሉ። በሰብዌይ ባቡር እንዴት እንደሚሄድ ግን ፌበንም አልጠየቀች፣ እሳቸውም አላብራሩ።

የቤተ ክርስቲያኑን ኩሽና የምትመራው አክሱማዊት ናት። ልበ ቀና ልጅ ናት፤ የዚያን ቀን ግን ጓንቷን አጥልቃ በየድስቱ መሀል ትሯሯጥ ነበር።

"ምንድን ነው እማማ?"

"ስለት ነው ልጄ። ውሃ ነው።"

"ውሃ?" አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ተቀበለቻቸው። "እሺ፣ ይስጡኝ፤ እርስዎ ገብተው ያስቀድሱ።"

እትዬ ተሻለች የሚባል ነገር ካለ ብለው ኩሽናው በር ላይ ትንሽ ቆመው ጠበቁና ከወገባቸው ቀና ብለው ወጡ። የቅዳሴው በር ጋ ሲደርሱ፣ ሲያስረክቡ የከፈቱት የጀሪካኗ ክዳን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ቀርቶ አገኙት። ሊሰጡ ሲመለሱ አክሱማዊት ውሃውን ወደ መታጠቢያው እየደፋችው ነበር። ዞር ስትል አየቻቸውና ደነገጠች።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከውጭ የመጣ ውሃ ለምግብ አይፈቀድልንም። ተቆጣጣሪዎቹ ካዩ ኩሽናውን ይዘጉብናል።"

"ግድ የለም" አሉ። ግድ ግን ነበራቸው። ቅዳሴውን እንደነገሩ ሰምተው ሲያበቁ ለቄስ ገብረ ክርስቶስ ነገሯቸው። ቄሱም፣ "አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ልብሽን አይቷል" አሏቸው። መልካም ቃል ነው። ግን ልባቸውንማ ድሮም ያየዋል፤ እሳቸው የተሳሉት ጀርባቸውን ነው። ባዶዋን ጀሪካን ይዘው ቤት ገቡና የኩሽናው መታጠቢያ ሥር ወርውረው በሩን ዘጉባት።

ከዚያ ወዲህ ዳሌያቸው ቆርጠም ባደረጋቸው ቁጥር "ይኸው፣ ሊወስደው ነው" ይላሉ። ስለቱን ያላስገባ ሰው የተሰጠውን እንደሚነጠቅ ከእናታቸው ሰምተው ነው ያደጉት።

"ማሚ፣ ጋድ እንደዚህ ፔቲ አይደለም" አለች ፌበን።

"ፔቲ ምንድን ነው?"

"በትንሽ ነገር ቂም የሚይዝ።"

"እሱማ ቂም አይዝም። ቃል የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ" አሉና ወሬው በዚያው አለቀ።

ገና ካለፈ በኋላ ያ አጥንት የሚሰብር ብርድ መጣ። አንድ ጠዋት የሕንፃው ቤዝመንት ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ምድር ቤቱ በውሃ ተሞላ። ኤሌቬተሮቹ ቆሙ፤ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕም ቆመ። የታችኞቹ ፎቆች ውሃ ሲያገኙ የላይኞቹ ደረቁ። እትዬ ተሻለች የራሳቸው ቧንቧ ሲፈስ እያዩ እማማ ኩልሱም ትዝ አሏቸው። እማማ ኩልሱም ልብስ ማጠቢያው ክፍል የተዋወቋቸው የወሎ ሴት ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ፣ ከላይኞቹ ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ፣ ልጃቸው ሥራ ሲሄድ ቀኑን ብቻቸውን የሚውሉ። ደወሉላቸው።

"ጠብታ የለም ልጄ" አሉ እማማ ኩልሱም። "የጠዋት መድኃኒቴንም አልዋጥኩ። አይ፣ ልጄ ማታ ይመጣል፤ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው።"

"በሩን ክፍት ያድርጉልኝ፣ መጣሁ።"

ዕቃ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ቢሉ ከቢጫዋ ጀሪካን የተሻለ አልተገኘም። እያኮረፏት አወጧትና ሞሏት። በእጃቸው ይዘው ደረጃው ሥር ሲደርሱ ግን፣ ለዚያ ዳሌ አንድ እጅ የደረጃውን ብረት ካልያዘ፣ ሌላው እጅም ካላገዘ እንደማይሆን ገባቸው። ተመልሰው ያንኑ አሮጌ ነጠላ አመጡና ጀሪካኗን ጀርባቸው ላይ አሰሯት።

ወጡ። በየፎቁ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ፣ ዳሌያቸውን እየለመኑ ወጡ። ሌላ ምንም አላሰቡም፤ የሚያስቡት የሴትዮዋን መድኃኒት ብቻ ነበር።

እማማ ኩልሱም ሸክሙን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "በዚህ እግርሽ?" አሉ። መጀመሪያ መድኃኒቱን ዋጡ፤ ከዚያ ሌላ ብርጭቆ አስቀድተው እስከ መጨረሻው ጠጡ። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣

"አላህ ይቀበልሽ" አሉ።

እንዲሁ የሚባል ነገር ነው። ወሎዬ ውሃ ላጠጣው ሁሉ ይለዋል። እማማ ኩልሱም ስለ ሆስፒታሉም፣ ስለ ስለቱም፣ ስለተደፋው ውሃም የሚያውቁት አንድም ነገር የለም። እትዬ ተሻለች ግን በንግሡ ዕለት ኩሽናው በር ላይ ቆመው የጠበቁት፣ ጠብቀውም ያጡት ቃል ይኸው ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

"ምን ሆንሽ ልጄ? አመመሽ?"

"አላመመኝም እማማ። ስለቴ አሁን ገባ።"

"ለማን ተስለሽ ነው?"

"ለገብርኤል።"

"ለጅብሪል?" አሉ እማማ ኩልሱም፣ ዓይናቸውን ከፈት አድርገው። "እሱማ እኛም ቤት አለ። ታዲያ ቤት አልተሳሳትሽም።"

እትዬ ተሻለች በእንባቸው መሀል ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሱና ባዶዋን ጀሪካን ጀርባቸው ላይ ማሰር ጀመሩ። አጠገብ ያለው በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

"የት ልትሄጂ? ስለትሽ ከገባ ምን ቀረሽ? አረፍ በይ እንጂ።"

"ምስጋናው ቀረኛ፤ እዚያ ሕፃኑ ቤትም ውሃ የለም" አሉ፤ ብረቱን ይዘውም ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።