በባዶ ሆድ የታየ ሌዘር

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ መምህራችን ከባሕር ዳር ገዝተው ያመጡት ሌዘር ከእስክርቢቶ አይበልጥም ነበር። የቤተ ሙከራውን መስኮቶች በካርቶን አስጋረዱና አበሩት። ግድግዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቻ ታየች።

«መንገዱስ የታለ?» አሉ። ሁለት ልጆች ዳስተር አጋጭተው የጠመኔ ብናኝ እንዲያስነሡ አዘዙ። ያኔ ከእጃቸው እስከ ግድግዳው ድረስ እንደ ክር የተወጠረ መስመር ብቅ አለ። አጨበጨብን።

«አምፖል ብርሃኑን እንደ ገበያተኛ ይበትነዋል። ሌዘር ግን ማኅሌት ላይ እንደቆሙ ደብተራዎች ነው፤ መቋሚያው ሁሉ እኩል ይነሣል፣ እኩል ይወርዳል» አሉ በአማርኛ። «ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ ዓይን ሁሉ ያክሙበታል።» ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ተመለሱና ይህን የኛን ግን በማንም ሰው ዓይን ውስጥ እንዳናበራ፣ እንደሚያሳውር ተናገሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ማስጠንቀቂያውም በእንግሊዝኛ ሆነ። እኔ ገብቶኛል። ፊት ለተቀመጠው ለጋሼ አልገባውም።

ጋሼ የምንለው ለማላገጥ ነው። ከጋፋት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ በአራት ዓመት የሚበልጠን ተማሪ ነበር። ትራኮማ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ስለቀለበሰበት ወረንጦ ከኪሱ አይለይም፤ በዕረፍት ሰዓት በመስታወት እያየ ይነቅላል። ግራ ዓይኑ ደፍርሷል፣ የሚያነበው በቀኙ ነው። ዘንድሮ ከወደቀ አጎቱ ወደ እርሻ እንደሚመልሱት ነግረውታል።

የክፍል አለቃ ስለነበርሁ የቤተ ሙከራው ቁልፍ እኔ ዘንድ ያድራል። ጋሼ በማግስቱ ማልዶ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«አለቃ፣ ያችን መብራት ለኔም አድርግልኝ።»

«ለምንህ?»

«ለዓይኔ ነዋ! መምህሩ ሲሉ አልሰማህም? እህል አልቀመስሁም። ስንት ቀን ነው?»

ከኋላዬ ያሉት ሁለት ጓደኞቼ ተጠቃቀሱ። ያን ሰሞን ግጥም መሞካከር ጀምሬ ነበር፤ የሰው ፊት ሲለዋወጥ እንደማየት የሚጥመኝ ነገር አልነበረም።

«ሰባት» አልሁት።

ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ። አማትቦ ግራ ዓይኑን በሁለት ጣቱ ፈለቀቀው፤ አቡነ ዘበሰማያትን ደግሞ እስኪጨርስ አበራሁበት። ጓደኞቼ የሹራባቸውን እጅጌ ነክሰው ሳቃቸውን ያፍናሉ።

«ጋሼ፣ ሰይጣኑ ካልጮኸ እኮ አልዳንህም!» አለ አንዱ።

«ላንተ ደግሞ ምላስህ ላይ ያብራልህ!»

በአራተኛው ጧት «ቀኙንም ጨምርልኝ» አለኝ። «ጠበል ለአንድ ዓይን ብቻ ይረጫል እንዴ?»

እጄ ቆመ። የመምህሩ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳይጎድል ትዝ አለኝ። ጓደኞቼ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩኛል። ግራው ቀድሞም የጠፋ ነው እያልሁ ነበር ራሴን የማታልለው፤ ለቀኙ ግን የምለው አልነበረኝም። ያም ሆኖ አበራሁት። በማግስቱም፣ እስከ ሰባተኛው ጧት ድረስም።

በሳምንቱ ግቢ ውስጥ ያዘኝ።

«መኻሉ ጠፋብኝ» አለ። «ዳር ዳሩ ይታየኛል። አሁን አንተን ሳይህ ጆሮ አለህ፣ አፍንጫ የለህም።»

ጓደኞቼ በሳቅ ተንከተከቱ። እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት ማታ «አፍንጫ የለህም» ያለውን ወስጄ ስለ ፍቅረኛ ግጥም ጻፍሁበት። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ሳነበው በጣም ተጨበጨበልኝ፤ ጋሼም ሰልፉ መካከል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ጥቁር ሰሌዳው ከጠፋበት በኋላ ፈተና አልተቀመጠም። ለመምህሩ አልነገረም፤ ሌዘሩን ሳያስፈቅድ በመጠቀሙ የሚጠየቀው እሱ መስሎት ነበር። እኔም እንደዚያ ነው አልሁት። አጎቱ ሊወስዱት የመጡ ቀን የተዋሰኝን ደብተር ሊመልስ ከክፍል አስጠራኝ። እጁ ደብተሩን ይዞ ከደረቴ ወደ ጎን ተዘረጋ፤ ተጠግቼ ተቀበልሁት።

«አንተስ ብዙ ደክመህልኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሐሙስ ዕለት ራብ ጸንቶብኝ ቆሎ ቀምሼ ነው የመጣሁት። አልነገርሁህም። ይቅር በለኝ።»

አጎቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሴን ይጠብቃሉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልሁት።