ናፌር የተመኘው ዝምታ

በኮሎምቢያዋ ከተማ በቫዬዱፓር አካባቢ እንደ ናፌር አኮርዲዮን የሚጫወት የለም። ዜማው እንከን አይወጣለትም፤ ግጥሙም ቤት ሳይመታ አያልፍም። እኛ ግን ግቢ ውስጥ ተሰብስበን ሙዚቃ ስንሰማ አንጨፍርም፤ የወደድነውን ዘፈን የምናከብረው በዝምታ ነው። ለናፌር ዘፈን ደግሞ ማንም ዝም ብሎ አያውቅም። ይህ እንቅልፍ ይነሳዋል።

ባለፈው እሁድ በአበልጁ በኤልቪያ ግቢ አዲስ ዘፈኑን እየተጫወተ ሳለ ኤልቪያ ራሷ፣ "የፍየሉ ወጥ ጨው አነሰው እንዴ?" አለች። ሁሉም ስለ ወጡ ማውራት ጀመረ።

ቀጥሎ ሽማግሌው ቶቢያስ፣ "እስቲ አጅበኝ ልጄ፣ ስለ ሞተችው አህያዬ ልዝፈን" አሉት።

ናፌር በልቡ "ደግሞ ለአህያ!" እያለ አጀባቸው። ሽማግሌው ከምት ወጡ። ናፌር ጉድለታቸውን ለመሸፈን ጣቶቹን ሲያፈጥን ጋብ ብሎ የነበረው ወሬ ተመለሰ።

"ተው እንጂ አበልጅ!" ጮኸች ኤልቪያ። "ስለ አህያዋ እንስማ!"

ናፌር እጁን ሰበሰበ። የቶቢያስ ሻካራ ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ ዛሬም በየጠዋቱ ገመዷን ይዘው እንደሚወጡ ይዘፍናሉ። ግቢው ጸጥ አለ። ናፌር ለዓመታት የተመኘው ዝምታ ይኸው መጣ፤ የመጣው ግን ለእሱ አልነበረም። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ።

ዘፈኑ ሲያልቅ፣ "ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ነው የሠሩት?" አላቸው።

"ምኑን? አህያዬ ሞተችብኝ፤ ሌላ ምን ልበል?"

ናፌር አኮርዲዮኑን አንግቶ ምሳ ሳይበላ ወጣ።