አሪቲና ዳግም አረቄ

አብረን የዋልንበት የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ነበር። ግንቦት። ከደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ለዕረፍት ወረታ፣ ቤታችን፣ ከመጣሁ አምስተኛ ቀኔ።

ታላቅ ወንድሜ ከጓሮ የቆረጠውን አሪቲ ጥላ ውስጥ አስጥቶታል። ሽቶ ልናወጣበት ስለሆነ ጠውለግ እስኪል እንጠብቃለን። የቅጠሉ ውሃ ከበዛ የምንዘፈዝፍበት፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ያወጣችው ዳግም አረቄ ይቀጥንና ሽታውን በደንብ አያወጣም። ይህን የተማርነው ከእኔ ስሕተት ነው፤ ባለፈው ክረምት፣ በመጀመሪያው ሙከራ፣ ቅጠሉን ርብ ወንዝ ወርጄ እያሸሁ አጥቤው ነበር።

«አንተ ተማሪ» አለኝ ወንድሜ ያን ጊዜ፣ «ሽታውን ለርብ ሰጥተህ ገለባውን አመጣህልን?»

አረቄ ከውሃ ይልቅ ሽታ እንደሚስብ የነገረኝ የሳይንስ አስተማሪዬ ነው። መቼ እንደ ደረሰ የሚያውቀው ግን የወንድሜ አፍንጫ ነበር። ቅጠሉ በጠርሙስ ሦስት ቀን ከተዘፈዘፈ በኋላ በሻሽ ያጠልለዋል፤ በዚያው አረቄ ላይ ሌላ አዲስ ቅጠል ይጨምርበታል። ከዚያ አንድ ጠብታ መዳፌ ላይ ያሳርፍና ይጠብቃል። አረቄው በኖ ሲያልቅ አሪቲው ብቻውን ይቀራል።

«ሰው የሚጠጣውን እናንተ ታሸቱታላችሁ!» አለች እናቴ። «አረቄ የማወጣው ለአፍንጫችሁ ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። የጠወለገውን ቅጠል የጨመረበትን ጠርሙስ በሰም እየደፈነ «ዓርብ ቅጠሉን አብረን እንቀይራለን» አለኝ።

ረቡዕ ስነሣ አልነበረም። በሬዎቹ በረት ውስጥ ናቸው። እናቴን ጠየቅኋት።

«ጣራ ገዳም ሄዷል፤ ሊመንን። ለንስሐ አባታችን ከነገራቸው ዓመት አልፎታል።»

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ላንተ ያልነገርንህ ከሰማ ያስቀረኛል ብሎ ነው፣ ልጄ።»

ዓመት። አባታችን የሞተ ሰሞን «እኔ አርሳለሁ፣ አንተ ተማር» ብሎኝ ነበር። ሌላ አራሽ የለንም። ባለፈው መስከረም ሲሸኘኝም ያንኑ ደገመልኝ። ታዲያ ያን ጊዜ... ያን ጊዜ ቆርጦ ነበር ማለት ነው።

ሰው ሲሞት ጎረቤት መጥቶ ያስተዛዝናል። እኛ ዘንድ የመጡት ግን «ከቤታችሁ መናኝ ወጣ፣ ታድላችሁ!» አሉ። እናቴ እያለቀሰች አሜን አለች። ለእግዚአብሔር የተሰጠን ሰው ለማን ይከሱታል?

ትምህርት ቤት የሚከፈተው ሰኞ ነበር። ሐሙስ ጠዋት በሬዎቹን ጠመድኩ። ቀንበሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠ። ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር ጥቁሩ አፈር ማረሻውን እየያዘ አስቸገረኝ። በአጠገባችን ማሳ የሚያርሱ ሽማግሌ ቆመው አዩኝ።

«እርፉን ጫን በለው እንጂ ልጄ! እንዲህ እያባበልከው አያርስልህም!»

«እሺ፣ አባቴ» አልኳቸውና ጫን አልኩት።