አባቴ ያፈረሰው ግንብ

አሁን የምሠራው አየር ጤና፣ አንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። አንዳንዴ የተቀደደ ከረጢት ዝናብ ይነካውና ያ ቀዝቃዛ የረጠበ ሲሚንቶ ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እንኳ ለአፍታ በሐሳብ እጠፋለሁ።

በሲቪል ምህንድስና የተመረቅኩት ግንባታ በቆመበት ዓመት ነበር። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ጣራ ነክቶ፣ በሰፈራችን የተጀመሩት ፎቆች ብረታቸው እንደተቀሰረ ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ይዤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት እቆም ነበር። ሁሉም አምስት ዓመት ልምድ ይላል። ልምድ የማይጠይቅ ወረቀት የተለጠፈ ዕለት ሰልፉ የመሥሪያ ቤቱን ግቢ ዞሮ አስፋልት ደርሶ ነበር። ማስረጃዬን የተቀበለችኝ ጸሐፊ ቀና ሳትል “እንደውላለን” አለችኝ። አልደወሉም።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ያስተማረኝ ድንጋይ በበላው እጁ ነው። የእሱም ሥራ አብሮ ቆመና ሁለታችንም ቤት መዋል ጀመርን። ጎረቤት ልጅሽ ሥራ ያዘ ወይ ሲላት፣ እናቴ በሂደት ላይ ነው እያለች ታልፍ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ አባቴ ቤቴል ሰፈር የአጥር ሥራ አገኘ። ረዳት መቅጠር ግን አልቻለም። እኔን ለመጠየቅ አፍሮ ሁለት ቀን እንቅልፍ እንዳጣ እናቴ ነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን ሳይጠይቀኝ ተነስቼ ተከተልኩት። አሸዋ ነፋሁ፣ ሲሚንቶ አቦካሁ፣ ድንጋይ አቀበልኩ። መዳፌ በግማሽ ቀን ውሃ ቋጠረ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ አንዱ ጥግ ላይ ያለው አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው ጥቁር መረሬ መሆኑን አየሁ። አባቴ ግንቡን እስከ ወገቡ አድርሶታል። ዝም ልል ነበር፤ አላስቻለኝም። መሠረቱ ካልጠለቀ ክረምት ሲመጣ እንደሚሰነጠቅ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ዶማውን አንስቶ የለፋበትን ግንብ ማፍረስ ጀመረ።

የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ድምፁን ሰምተው ወጡ።

“ምን ነካዎት? ይሄ ረዳትዎ ምን ብሎዎት ነው?”

“ረዳት አይደለም” አለ አባቴ። “መሐንዲሱ ነው። ይፍረስ ካለ ይፈርሳል።”

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ ብለው ገቡ። አባቴ አልሳቀም። እኔም ላቤን የምጠርግ መስዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

በዓመቱ ታሞ አረፈ። ሥራ ይዤ ሳያይ።

ከዚያ ሁሉ የሚከነክነኝ ግን ግንቡን ያፈረሰ ዕለት ወደ ቤት መመለሻችን ነው። ከመውጣታችን በፊት በበርሜሉ ውሃ አስታጥቦ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣውን የምርቃቴን ሸሚዝ አስለበሰኝ። ማዞሪያው ላይ ከታክሲ ስንወርድ አካፋውንም ዶማውንም ከትከሻዬ ወሰደ።

“አንተ ቅደም” አለኝ። “እኔ ቀስ እላለሁ።”

ሰፈሩ ከቢሮ የምመለስ እንዲመስለው እንደሆነ ገባኝ። አብረን እንሂድ ማለት ነበረብኝ። ቀደምኩ። ከኋላዬ የአካፋውና የዶማው ብረት ሲጋጭ እየሰማሁ፣ አንዴም ሳልዞር ቤት ደረስኩ።